የልጁ ቃል ስንት በር ያንኳኳል?

እንደምን ዋላችሁ። ርዕሳችን በልጆች ላይ የሚደርስ ወሲባዊ ጥቃት ነው፤ ከባድ ስለሆነ በቀላል ቋንቋ ልናገር። የጥቃት ዝርዝር አልጠቅስም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነገሩ በራሱ ላይ የደረሰበት ሰው ሊኖር እንደሚችል አውቃለሁ። መሃል ላይ ተነሥቶ መውጣት የሚፈልግ ይውጣ፣ ማንም ለምን አይለውም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንዲት የ9 ዓመት ልጅ እናስብ። ለወራት ውስጧ አፍና የያዘችውን ነገር አንድ ቀን ለአክስቷ ትናገራለች። አክስት ደንግጣ ለእናት ታወራለች። እናት ልጅቷን ጠርታ "እስቲ ለእኔም ንገሪኝ" ትላታለች። በማግስቱ መምህርቷ ትጠይቃታለች። ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ መጀመሪያ ተረኛው ይጠይቃል፣ ከዚያ መርማሪው። ሐኪሙ ይጠይቃል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ትጠይቃለች። ዐቃቤ ሕጉ ይጠይቃል። ከዓመት በኋላ ደግሞ ችሎት ቆማ፣ ያንን ሰው ፊት ለፊት እያየች፣ እንደገና ትናገራለች። ዘጠኝ ጊዜ ሆነ። በዘጠነኛው ላይ ቀኑን ብትስት ወይም የክፍሉን ቀለም ብታሳስት "ቃሏ ይጋጫል" ይባላል።

እኔ የአንድን አገር ፖሊሲ የምመዝነው በዚህ ነው። ልጁ ስንት ጊዜ ይናገራል? ቃሉስ ወደሚመለከተው ሰው እስኪደርስ ስንት በር ያንኳኳል? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ከዚህ ጥያቄ አይወጣም።

መጀመሪያ ስለ ብዛቱ። ዩኒሴፍ በኦክቶበር 2024 ባወጣው ግምት፣ ዛሬ በሕይወት ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች ውስጥ ከ370 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ተደፍረዋል ወይም ሌላ አካላዊ የሆነ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከ8 አንዷ ማለት ነው። በቃል ወይም በኢንተርኔት የሚደርሰው፣ ንክኪ የሌለበት ጥቃት ሲጨመር ቁጥሩ 650 ሚሊዮን ይደርሳል። ከ5 አንዷ። ወንዶቹ ደግሞ ከ240 እስከ 310 ሚሊዮን ይገመታሉ። ከ11 አንዱ ገደማ።

የወንዶቹን ቁጥር ስጠቅስ ብዙ ሰው ይገረማል። መገረማችን ራሱ የችግሩ አካል ነው። ሕጎቻችን ለረጅም ጊዜ ወንድ ልጅ ሊደፈር እንደሚችል እንኳ አላሰቡም። ጃፓን ወንድን በአስገድዶ መድፈር ተጎጂነት በሕጓ ያወቀችው በ2017 ነው። አንድ ወንድ ልጅ የደረሰበትን ለመናገር አፉን ቢከፍት ሕጉ ስም አልነበረውም። ስም የሌለውን ነገር ማን ይናገራል?

እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ ብትሉ፣ ሰው ሄዶ ስለጠየቀ ነው። በ2007 በዚያን ጊዜ ስዋዚላንድ በምትባለው ኢስዋቲኒ፣ ቤት ለቤት በምስጢር የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ3 ልጃገረዶች አንዷ ገደማ 18 ዓመት ሳይሞላት ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባት አሳየ። ለፖሊስ ሪፖርት የተደረገውን ብቻ ይቆጥር ለነበረ ሰው ይህ ራስ የሚያዞር ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ20 በላይ አገሮች ተመሳሳይ ጥናት አድርገዋል። አንድ መንግሥት "እኛ ዘንድ ይህ ችግር የለም" ሲለኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጠይቃችኋል?

ወደ ሕጉ ልለፍ። ወረቀቱ አለ። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የጸደቀው ኖቬምበር 20 ቀን 1989 ነው። 196 ወገኖች አጽድቀውታል፤ ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ያላጸደቀችው አሜሪካ ብቻ ናት። አንቀጽ 34 መንግሥታት ልጆችን ከማንኛውም ወሲባዊ ጥቃትና ብዝበዛ እንዲጠብቁ ያስገድዳል፤ በየአገሩ ብቻ ሳይሆን በጋራም እንዲሠሩ። ይህቺ "በጋራ" የምትለው ቃል ከመነሻው አለች። በ1990 የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ተከተለ። በ2000 ስለ ልጆች ሽያጭና ወሲባዊ ብዝበዛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ወጣ፤ ይህንን አሜሪካም አጽድቃዋለች። የዓለም የሥራ ድርጅት 182ኛ ስምምነትም ልጅን ለወሲብ ንግድ ማቅረብን እጅግ የከፉ ከሚላቸው የጉልበት ብዝበዛዎች መድቦታል። በ2020 ሁሉም 187 አባል አገሮች አጽድቀው ጨረሱት። በድርጅቱ ታሪክ ሁሉም ያጸደቁት የመጀመሪያው ስምምነት እሱ ነው።

በ2007 ደግሞ የአውሮፓ ምክር ቤት የላንዛሮቴ ስምምነት ተፈረመ። እኔ በጣም የምወደው ሰነድ ነው። ምክንያቱም ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ልጅን በኢንተርኔት እያባበለ ለማግኘት የሚያደባን ሰው ገና ጥቃቱ ሳይፈጸም ወንጀለኛ ይለዋል። ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ልጁ ካደገ በኋላም በቂ ጊዜ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙ ተጎጂዎች የሚናገሩት ጎልምሰው፣ አንዳንዴም ራሳቸው ወላጅ ሆነው ነው። በዚያን ጊዜ "ዘመኑ አልፏል" ብሎ በሩን የሚዘጋ ሕግ የጠቀመው ማንን ነው? ስምምነቱ ለአውሮፓ ብቻ የተዘጋም አይደለም። ቱኒዚያ ከምክር ቤቱ ውጭ ካሉ አገሮች የመጀመሪያዋ ሆና ገብታለች።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ትንሽ ልበል። በ2016 በሉክሰምበርግ ብዙ ድርጅቶች ተሰባስበው የአጠራር መመሪያ አወጡ። "የሕፃናት ፖርኖግራፊ" የሚለው ይቅር፣ "የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ምስል" ይባል አሉ። ፖርኖግራፊ ሲባል ፈቅዶ የተቀረጸ ሰው ያለ ይመስላል። ልጅ ግን አይፈቅድም፤ ሊፈቅድም አይችልም። ምስሉ የወንጀል ማስረጃ ነው። "ሕፃን ዝሙት አዳሪ" የሚለውም እንዲሁ ይቅር ተባለ።

በአማርኛም የምናርመው ሞልቷል። "ክብሯን ተገፈፈች" እንላለን። ልጅቷ ክብሯ የት ሄደ? እዚያው እሷ ጋ ነው። ያጣው አጥቂው ነው። "መድፈር" የሚለው ቃል ራሱ ከድፍረት ጋር አንድ ሥር አለው። ልጅ ላይ መዝመት ምን ድፍረት አለው? የሕግ ቃል ስለሆነ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ በተናገርኩት ቁጥር ግን ይከነክነኛል። ከሁሉ የሚብሰው "ገበና" ነው። ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ገበና ነው፣ ይሸፈናል። አብዛኛው ጥቃት የሚፈጸመው ደግሞ ልጁ በሚያውቀውና በሚያምነው ሰው ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ፣ የእምነት አባት። ስለዚህ የምንሸፍነው የልጁን ገበና ሳይሆን የአጥቂውን ነው።

ወደ አገር ውስጥ ሕጎች ስንመጣ ደግሞ ቀዳዳው ብዙ ነው። በበርካታ አገሮች የደፈረ ሰው ተጎጂዋን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። ሞሮኮ ይህንን በ2014 ሰረዘች። ቱኒዚያ፣ ዮርዳኖስና ሊባኖስ በ2017 ተከተሉ። አስቡት፣ ገና ቅርብ ጊዜ ነው። ፊሊፒንስ ለወሲብ መፍቀድ የሚቻልበትን ዕድሜ ከ12 ወደ 16 ያሳደገችው በ2022 ነው። ጃፓን ከ13 ወደ 16 ያሳደገችው በ2023። እነዚህ ለውጦች ከላይ አልወረዱም። በየአገሩ ተጎጂዎች፣ እናቶችና ጠበቆች ለዓመታት ጮኸው ያመጧቸው ናቸው። ዓለም አቀፍ ስምምነቱ ለእነሱ በእጃቸው የያዙት ወረቀት ሆነላቸው፤ "ፈርማችኋል እኮ" ለማለት።

አሁን ወደዚያች የ9 ዓመት ልጅ ልመለስ። ዘጠኙን ወደ አንድ ማውረድ ይቻላል? ይቻላል። ተሠርቷል።

በ1985 በአሜሪካ አላባማ፣ ሃንትስቪል በምትባል ከተማ፣ በድ ክሬመር የሚባሉ ዐቃቤ ሕግ አንድ ነገር ከነከናቸው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ልጁን በየተራ እየጠራ ይጠይቃል። እሳቸው ግን ባለሙያዎቹ ልጁ ወዳለበት ቢመጡስ አሉ። አንድ የሕፃናት ማዕከል ተከፈተ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ አይስላንድ ሐሳቡን ወስዳ የራሷን አደረገችው። የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ብራጊ ጉድብራንድሶን ነበሩ የገፉት። "ባርናሁስ" አሉት፤ የልጆች ቤት ማለት ነው። አይስላንድ ግን አንድ ትልቅ ነገር ጨመረች። ፍርድ ቤቱን ራሱን ወደ ቤቱ አመጣችው።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ልጁ ተራ መኖሪያ ቤት ወደሚመስል ቤት ይገባል። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው አይጠብቀውም። በአንድ ክፍል ውስጥ በዚህ ሙያ የሠለጠነ አንድ ሰው ብቻ ያናግረዋል። በሌላ ክፍል ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ፖሊሱ፣ የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያውና የተጠርጣሪው ጠበቃ በስክሪን ይከታተላሉ። ጥያቄ ካላቸው በጠያቂው በኩል ያስተላልፋሉ። ሁሉም ይቀረጻል። ቀረጻው በችሎት ምስክርነት ሆኖ ይቀርባል። የሕክምና ምርመራውም ሆነ የሥነ ልቦና ድጋፉ እዚያው ቤት ነው።

"የተከሳሹስ መብት?" የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ንጹሕ ሰው መታሰር የለበትም። ግን አስተውሉ፤ ጠበቃው እዚያው አለ፣ ይጠይቃል። ቃሉ ትኩስ እያለ፣ ሳይበረዝና ሳይከለስ ተቀርጿል። ከዓመት በኋላ በፍርሃት ከተሰጠ ቃል ይልቅ ለዳኛው ይህ ይታመናል። ለልጁም ለእውነቱም የሚጠቅም አሠራር ነው። ከአይስላንድ ወደ ስዊድን፣ ወደ ኖርዌይ፣ ወደ ዴንማርክ ተሻገረ። ከዚያም በአውሮፓ ተስፋፋ።

ዓለም አቀፍ ትብብር ሲባል ብዙ ጊዜ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ጠረጴዛ፣ ባንዲራና የጋራ መግለጫ ነው። እኔ ግን ከአላባማ አይስላንድ የደረሰችውን ያቺን ሐሳብ ነው የማስበው። አንዱ የሠራውን ሌላው አይቶ ወሰደ። የትብብር ጥቅሙ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ትብብር ግን የግድ ድንበር ተሻግሮ መያያዝ ይፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ ያለው። ልጁ በአንድ አገር አለ። የሚያጠቃው ሰው እዚያው አጠገቡ ነው። ገንዘብ የሚከፍለው ሌላ አህጉር ተቀምጦ በቀጥታ ያያል። ምስሉ የተቀመጠበት ሰርቨር ሦስተኛ አገር ነው። ኩባንያው የተመዘገበው አራተኛ አገር። የየትኛው አገር ፖሊስ ይምጣ? እዚህ ላይ የልጁ ቃል የሚያንኳኳው በር ብቻ አይደለም፤ ኬላ ነው።

ልጁ ማን እንደሆነ የማይታወቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ምስሉ ብቻ አለ። መርማሪዎች እንዴት ያገኙታል መሰላችሁ? ከጀርባ ያለውን በማየት። የግድግዳ ሶኬቱ ቅርጽ። የመጋረጃው ጥለት። መሬት ላይ የወደቀ የብስኩት መጠቅለያ። የእነዚህ ድምር አገሩን፣ አንዳንዴም ከተማውን ይጠቁማል። የአውሮፓ ፖሊስ፣ ዩሮፖል፣ ከ2017 ጀምሮ እነዚህን ዕቃዎች ብቻ ከምስሉ ቆርጦ ለሕዝብ ያሳያል። "ይህን ቦርሳ የት ታውቁታላችሁ?" ይላል። የሚያውቅ ሰው ይጽፋል። በዚህ መንገድ ከጥቃት እጅ የወጡ ልጆች አሉ። አንድ ተራ ሰው አንድ ዕቃ አውቆ ልጅ ሊያተርፍ ይችላል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ኢንተርፖል ደግሞ ከ2009 ጀምሮ የጋራ የመረጃ ቋት አለው። የአንድ አገር መርማሪ ምስል ሲያስገባ፣ ልጁ ቀድሞ ሌላ አገር ተለይቶ ከሆነ ይነግረዋል። ያለዚያ ሁለት ቡድኖች አንድን ልጅ ለወራት ይፈልጋሉ፤ ያልተገኘው ልጅ ደግሞ ይጠብቃል። በዚያው በ2009 ማይክሮሶፍትና የዳርትማውዝ ኮሌጁ ፕሮፌሰር ሃኒ ፋሪድ "ፎቶዲኤንኤ" የተባለውን ቴክኖሎጂ ሠሩ። ለአንድ የታወቀ ምስል እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ይሰጠዋል። ምስሉ መጠኑ ቢቀየር እንኳ አሻራው ይለየዋል። ሰው ደጋግሞ ማየት ሳያስፈልገው ኩባንያዎች ያግዱታል። ይህም ያው ነው፤ ልጁ ስንት ጊዜ ይታያል የሚል ጥያቄ። አንድ ምስል በተላለፈ ቁጥር ጥቃቱ ይደገማል።

በአሜሪካ ሕግ ኩባንያዎች ያገኙትን ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለባቸው። እንዲፈልጉ ግን ሕጉ አያስገድዳቸውም። ሪፖርቱን የሚቀበለው ማዕከል በ2023 ብቻ ከ36 ሚሊዮን በላይ ጥቆማ ደርሶታል። አብዛኛው ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ተጠቃሚዎችን የሚመለከት ነው። ጥቆማው ወደየአገሩ ፖሊስ ይላካል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሚቀበለው ማነው? በየአገሩ ይህን የሚከፍት፣ የሚያጣራ፣ በር የሚያንኳኳ የሠለጠነ ሰው አለ? ኮምፒውተሩስ? ለዚያ ሰው የሥነ ልቦና ድጋፍስ? ሰው እነዚህን ምስሎች ቀኑን ሙሉ እያየ ጤናው አይተርፍም። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈበረኩ ምስሎች መጥተው መርማሪው "ይህ በእርግጥ ያለ ልጅ ነው ወይስ አይደለም?" እያለ ውድ ሰዓት ያጠፋል።

ከአገር ወደ አገር ማስረጃ መጠየቅ ወራት ይፈጃል። የኢንተርኔት ኩባንያው መዝገብ ግን ከዚያ በፊት ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ስለ ኢንተርኔት ወንጀል የወጣው የ2001 የቡዳፔስት ስምምነት በየአገሩ 24 ሰዓት የሚመልስ ተጠሪ እንዲኖር ያዘዘው። በዲሴምበር 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የራሱን የሳይበር ወንጀል ኮንቬንሽን አጸደቀ። የልጆች ጥቃት ምስልንና ልጅን ማባበልን ይጨምራል። ሥራ ላይ እንዲውል 40 አገሮች ማጽደቅ አለባቸው። የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች አንዳንድ መንግሥታት ለስለላ እንዳይጠቀሙበት ይሰጋሉ። ስጋቱ የእውነት ነው። በልጆች ስም ጋዜጠኛ የሚታሰርበት ሕግ ልጅን አይጠብቅም። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ከሆነ።

አጥቂው ራሱ ሲጓዝስ? በ1996 በስቶክሆልም የልጆችን ወሲባዊ ብዝበዛ ለመከላከል የተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጉባኤ አንዱ መነሻ ይህ ነበር። ወደ ድሃ አገር ሄዶ ልጅ ያጠቃ ሰው አገሩ ሲመለስ ነጻ ነበር። አሁን ብዙ አገሮች ዜጋቸውን የትም ይፈጽም የት ይከሳሉ። አውስትራሊያ ከ1994 ጀምሮ ይህ ሕግ አላት። በ2017 ደግሞ በዚህ ወንጀል የተመዘገቡ ሰዎችን ፓስፖርት እስከመከልከል ሄደች። ሊረዱ የሚሄዱትም ከዚህ ውጭ አይደሉም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በ2003 ባወጡት መመሪያ፣ የድርጅቱ ሠራተኛ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ጋር ወሲብ መፈጸም አይችልም። የአገሩ ሕግ ቢፈቅድም፣ "ዕድሜዋን አላወቅሁም" ቢልም። መመሪያው የወጣው ጥፋቱ ስለነበረ ነው። ይህንን መደበቅ አይጠቅምም።

አንድ መልካም ምሳሌ ልጥቀስ። በፌብሩዋሪ 2019 የሴራሊዮን ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ማዳ ባዮ የመድፈር ጥቃትን ብሔራዊ አደጋ ብለው አወጁ። ሕጉ በዚያው ዓመት ጠበቀ። በ2022 ሴራሊዮን ግንባር ቀደም ሆና የተባበሩት መንግሥታት ኖቬምበር 18ን የልጆችን ወሲባዊ ጥቃት የመከላከያና የተጎጂዎች ማገገሚያ ቀን እንዲያደርግ አስወሰነች። በ2024 የልጅነት ጋብቻን በሕግ ከለከለች። ከሀብታሞቹ አገሮች ወገን አይደለችም። የጎደለው ሁልጊዜ ገንዘብ ነው ለሚሉኝ ይህቺን አገር እጠቅሳለሁ።

ገንዘብ አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። በኖቬምበር 2024 በቦጎታ በልጆች ላይ የሚደርስን ጥቃት ለማስቆም የመጀመሪያው የሚኒስትሮች ጉባኤ ተደርጎ ከ100 በላይ መንግሥታት ቃል ገቡ። እኔ የየአገሩን ቃል ሳነብ የምፈልገው መስመር በጀት የሚለውን ነው። ስንት ሠራተኛ ትቀጥራላችሁ? የልጆች ቤት የት የት ትከፍታላችሁ? ነጻው የስልክ መስመር ሌሊት ይነሣል? ያ ካልተጻፈ ቃሉ ውሃ አይቋጥርም።

ከዚህ በፊት በሌላ መድረክ ይህን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። "ስምምነቱ ደግ ነው። ግን ልጄ ዛሬ ማታ ቢነግረኝ ምን ልበለው?" አሉኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የመጀመሪያው በር እኛ ነንና ጥያቄው ልክ ነበር።

ያልኳቸው ይህንን ነው። ቁጭ ይበሉ፣ ከእሱ ቁመት ጋር። አይጩኹ፣ ንዴቱ በእሱ ላይ ይመስለዋል። "ስለነገርከኝ ጎበዝ። አምንሃለሁ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም።" ይበሉት። ዝርዝሩን አይጠይቁት፣ የሚጠይቀው የሠለጠነ ሰው ይሁን። "ለማንም አልናገርም" ብለው ቃል አይግቡለት፤ መናገር ይኖርብዎታልና። ልጁ የተናገረውን በራሱ ቃል፣ ሳያሳምሩ፣ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ልብሱን አያጥቡ። ያ ሰው እንዳይቀርበው ያድርጉ፣ ሄደው ግን አይጋፈጡት። ሐኪም ቤት በቶሎ ይውሰዱት፤ ከሚሰጡት መድኃኒቶች የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና። ከዚያ ለፖሊስ ወይም ለሕፃናት ጥበቃ ይደውሉ።

"ይህ ሁሉ በአንድ ማታ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው። "መጀመሪያ ግን ቁጭ ይበሉ።"